የወለጋ በረዶ ጠጠር የሚሆነው ለምንድን ነው?

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ በረጃጅም ተራሮች ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚከመረውን ብናኝም በአንድነት ይጠራል። ሁለቱ ግን በባሕርያቸው እጅግ ይለያያሉ። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ የቆርቆሮ ጣሪያን የሚደበድበው ጠጠሩ ነው፤ ብናኙ በእነዚህ ከተሞች አይታይም።

የልዩነቱ ምክንያት የአወራረድ ፍጥነት ነው። በአገራችን ሰማይ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል በላይ በ4,800 ሜትር ገደማ ነው። ነቀምቴ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በረዶው 2,700 ሜትር ያህል ሞቃት አየር ማቋረጥ ይኖርበታል። ብናኙ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ ጉዞው 45 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደወረደ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር ግን በሰከንድ ወደ 10 ሜትር ስለሚወርድ ቀልጦ ሳያልቅ በ5 ደቂቃ ገደማ መሬት ይደርሳል።

ብናኙን ማየት የሚቻለው 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በራስ ዳሸንና በአካባቢው ሲሆን፣ እሱም አልፎ አልፎ ነው። በጥንቱ የአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የስሜን ተራሮች በረዶ ሰውን እስከ ጉልበት ያሰምጥ እንደነበር ተጠቅሷል።

አዲስ የወረደ ብናኝ አብዛኛው ክፍሉ አየር በመሆኑ አንድ ሜትር ኩብ ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ድፍን በረዶ ግን ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ጠጠሩ የሚፈጠረው ወደ ላይ የሚነፍሰው ብርቱ አየር በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ሲያቆየውና ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ገና ያልረጋ ውኃ ሲለጠፍበት ነው። ለሁለት ቢከፈል እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ሆኖ ይታያል፤ ውኃው በፍጥነት የረጋበት ንብርብር አየር ስለሚያምቅ ነጭ፣ በዝግታ የረጋበት ደግሞ ጥርት ያለ ነው።

ጉዳቱ ከሁሉ በላይ የሚሰማው በማሳ ላይ ነው። በበረዶ የተመታ በቆሎ ቅጠሉ ተበጣጥሶ ሲታይ ያለቀለት ይመስላል። ይሁንና በቆሎ አምስትና ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የማደጊያው ጫፍ ከአፈር በታች ስለሚቆይ ብዙውን ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ማሳውን ገልብጦ እንደገና ከመዝራቱ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቆ፣ ግንዱን በመሰንጠቅ ጫፉ ነጭና ጠንካራ መሆኑን ወይም ቡናማ ሆኖ መላሸቁን ሊመለከት ይገባል።