ልጅ ሲዘገይ የባልየውም ሥራ ይጠየቅ

ኪሱጉ ከካምፓላ መሀል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በማኪንድዬ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ሐበሾች ከሚበዙባት ከካባላጋላ ጋር ጎረቤት ነው። በሌላው ወገን ናሙዎንጎ፣ ከዚያም የኢንዱስትሪ ቀጠናው ይከተላል፤ የከተማዋን ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደው የናኪቩቦ ቦይም በዚያው በኩል ያልፋል።

እንዲህ ባለ ሰፈር ባልና ሚስት ልጅ ሲዘገይባቸው ስለ ባልየው ሥራና ስለሚተነፍሰው አየር የሚጠይቅ አይገኝም። የዘመድ አዝማድ ዓይን ሚስት ላይ ያርፋል፤ ጸበሉም ሐኪም ቤቱም የእሷ ዕዳ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ በዕድሜው መሀንነት ያጋጥመዋል። መንስኤው ከወንዱም ከሴቷም ሊሆን ይችላል።

በወንዱ በኩል ካየን፣ ሰውነት በጥቂቱ ከሚፈልጋቸው ማዕድናት ለወንድ ዘር ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ዚንክ ነው። በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው መጠን በደም ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። አብዛኛው ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጭ ሲሆን የዘሩን ዲኤንኤ አጥብቆ ይይዛል። ዶክተር አናንዳ ፕራሳድ በ1950ዎቹ መጨረሻ በኢራን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያም በግብፅ የመረመሯቸው ወጣቶች በዚንክ እጥረት ቁመታቸው አጥሮ፣ ጉርምስናቸውም ዘግይቶ ነበር። ሴሊኒየም ደግሞ ዘሩ እንዲዋኝ የሚያስችለውን የጭራውን መነሻ ያጠነክራል።

ታዲያ የዚንክ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ይበቃል? አይበቃም። በ2020 በአሜሪካ ይፋ የሆነ፣ 2,370 ጥንዶችን ያሳተፈ ጥናት ለባሎቹ ለ6 ወር ዚንክና ፎሊክ አሲድ ሰጥቶ ነበር። የዘሩ ጥራት አልተሻሻለም፣ የተወለዱ ልጆችም አልበዙም። ይልቁንም የሆድ ሕመም የገጠማቸው በረከቱ።

የባሰው ጉዳይ ሰውነት ጨርሶ የማይፈልጋቸው ብረቶች ናቸው። በ1975 የወጣ የሩማንያ ጥናት በባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ እርሳስ የዘርን ቁጥርና እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ፣ ቅርጹንም እንደሚያበላሽ አሳይቷል። በአገራችን በኢትዮጵያም በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በጅማ የተመረመሩ የጋራዥ ሠራተኞች በደማቸው የተገኘው እርሳስ ከሌሎች ነዋሪዎች ወደ እጥፍ የተጠጋ ነበር። ካድሚየም የተባለው ብረት ደግሞ ከሲጋራ ጭስ ጋር ወደ ሰውነት ይገባል።

ምግብም መንገድ ነው። በካምፓላ በመንገድ ዳር የበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎች በእርሳስ ተበክለው ተገኝተዋል። መጠኑ ከአስፋልቱ በራቁ ቁጥር ስለሚቀንስ፣ በ2006 የወጣው ጥናት ከዋና መንገድ 30 ሜትር ርቆ መትከልን መክሯል።

የዘር ምርመራ ቀላል ነው፤ ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ይጠይቃል። አንድ የወንድ ዘር ለመብሰል 74 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ከእነዚህ ብረቶች በመራቅ የሚመጣው ለውጥ የሚታየው ከሦስት ወር ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ ባትሪ የሚፈታ፣ እርሳስ የሚያቀልጥ ወይም ቀለም የሚረጭ ባል ከሚስቱ ጋር አብሮ ይመርመር፤ ሥራውንም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ወደ ቤት ይግባ፤ የእርሳስ ብናኝ በልብስ አድርጎ ልጆችም ጋ ይደርሳልና።