ማቃጠል ጣዕም አይደለም

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የስሜት ሕዋሳት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼን «ምላስ የሚለያቸው ጣዕሞች የትኞቹ ናቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ መራራ ይሉኛል። አምስተኛውን፣ ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ኡማሚ ብሎ የሰየመውን የመረቅ ጣዕም፣ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ከኋላ ወንበር ግን አንዱ «ሚጥሚጣስ?» ማለቱ አይቀርም። የምጠብቀውም እሱን ነው።

ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ጨው ጣዕም አለው፣ ኮረሪማው መዓዛ አለው። ማቃጠሉ ግን ጣዕም አይደለም። ስኳር ክንዳችሁ ላይ ብትነሰንሱ ክንዳችሁ አይጣፍጠውም፤ ቃሪያ ግን ምላስ የሌለበትንም ቦታ ያቃጥላል። በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ምንም ሳይቀምስ ያስነጥሳል፣ ያለቅሳል። እናቴ በርበሬ ቀንጥሳ ስትነሳ ሙቅ ውሃ የሚያቀርብላትን ሰው ትቆጣለች። «ልታነዱኝ ነው?» ትላለች። ሳይንሱ ከእሷ ጋር ነው።

በአፋችን፣ በዓይናችንና በቆዳችን ውስጥ ሕመምን የሚያስታውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ጫፎቹ ላይ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ የሚከፈት፣ ከፕሮቲን የተሠራ በር አለ። በሩ ሲከፈት ነርቩ «ተቃጠልኩ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይህንኑ በር ያለ እሳት ይከፍተዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሠራው ዴቪድ ጁሊየስ ከባልደረቦቹ ጋር በሩን ለይቶ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት አገኘበት፣ የመነካትን ስሜት ካጠናው ከአርደም ፓታፑሺያን ጋር።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። አንጎል በሩን ማን እንደከፈተው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የደረሰው የነርቭ መልእክት ብቻ ስለሆነ «ይህ ሙቀት ነው» ብሎ ይፈርዳል፣ በፍርዱም ይሠራል፦ ግንባር ያልበዋል፣ ፊት ይቀላል። አፋችሁ ውስጥ ግን የነደደ ነገር የለም። ዓይንም ከዚህ አያመልጥም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የዓይን ቆባችሁን ከጎን በቀስታ ብትጫኑ ብልጭታ ታያላችሁ፤ ከዓይን የመጣን መልእክት ሁሉ አንጎል ብርሃን ብሎ ነው የሚያነበው። የሚንት ማስቲካ አኝካችሁ ውሃ ስትጠጡም ውሃው ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ የሚመስላችሁ ሜንቶል የቅዝቃዜን በር ስለሚነካ ነው።

ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ ዶሮ ስትለቅም አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትደነግጥም፣ ውሃም አትፈልግም። እሷም የሙቀት በር አላት፤ የእሷን በር ግን ካፕሳይሲን አይከፍተውም። አይጥ ዱር በቀል በርበሬ ብትበላ ፍሬውን አኝካ ታጠፋዋለች፣ ወፍ ግን ፍሬውን እንዳለ ውጣ ሌላ ቦታ ትጥለዋለች። ተክሉ የሚያባርረውንና የሚጋብዘውን መርጧል ማለት ነው። አንድ ሰሌን ላይ ያለ አንድ በርበሬ ለእናቴ እሳት፣ ለዶሮዋ እህል ነው። ታዲያ እሳቱ በርበሬው ውስጥ ነው ወይስ እኛ ውስጥ? ተማሪዎቼ በዚህ ጥያቄ እስከ ደወል ይከራከራሉ፣ እኔም አላስቆማቸውም።

ልማድም ድርሻ አለው። በሩ ደጋግሞ ሲከፈት የነርቩ ጫፍ ይደነዝዛል፤ በርበሬ እየቀመሰ ያደገ ልጅ ሳቅ ብሎ የሚበላው ወጥ እንግዳን የሚያስለቅሰው በከፊል በዚህ ነው። የነርቭ ሕመምን የሚያስታግሱ የካፕሳይሲን ቅባቶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውሃ ብዙም አይሟሟም። ስለዚህ ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ ሲያቃጥላችሁ ውሃውን ተዉትና አይቡን ቅረቡ። ቢራ ደግሞ አታንሱ፤ አልኮል ራሱ ያንኑ በር የሚከፍተውን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርገዋል። ቃሪያ የከተፈ እጃችሁን በመጀመሪያ በዘይት እሹት፣ ቀጥሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ እስከዚያው ዓይናችሁን አትንኩ።