ባቄላን ስለሚያኰማትረው ሻጋታና ስለ ወደቀ ቅጠል

በመንዝና በግሼ ደጋ፤ በመርሐ ቤቴም ከፍታ፤ ባላገሩ ከገብስ ቀጥሎ ተስፋ የሚያደርገው ባቄላን ነው። በጾም ወራት ሽሮውና ክኩ፤ በሥራ ቀን ቆሎውና ንፍሮው ከእርሱ ይገኛል። ደግሞም ባቄላ በሥሩ ላይ ባሉት እንክብሎች ምድርን የሚያደልብ ስለ ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ የሚዘራው ገብስ ያምራል። ስለዚህ የባቄላ ጥፋት የአንድ ዓመት ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውንም ዓመት ይነካል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ ደጋ አዲስ በሽታ በባቄላ ላይ ታየ፤ ስሙም ቆርምድ ተባለ። ምልክቱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቅጠሉ ከላይ ይጎደጕዳል፤ ከታች እንደ ኪንታሮት ያብጣል፤ መልኩም ገና አረንጓዴ ነው። ኋላ እብጠቱ እየሰፋ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ቅጠሉም ይኰማተራል፤ በሽታው በጸናበት ማሳ ተክሉ ሳያፈራ ይደርቃል። ይህን ያየ ሰው ውርጭ መታው ይል ይሆናል። ውርጭ ግን ቅጠሉን ያጠቍራል እንጂ እብጠት አያወጣበትም። ቆርምድ የሚመጣው ሕይወት ካለው ነገር ነው፤ ይኸውም በዓይን የማይታይ ደቂቅ ሻጋታ፤ ሊቃውንት ፈንገስ የሚሉት ነው።

ነገር ግን ሻጋታ ሁሉ ጠላት ነው ማለት አይገባም። በመንዝ ጓሣ ሣሩ፤ በዱሩም የአስታና የጥድ ቅጠል ይረግፋል። ከረገፈው ሥር ያለውን እርጥብ ቅጠል ገልጦ የሚመለከት ሰው እንደ ነጭ ድር ያለ ክር ያገኛል። ይህ ክር የፈንገስ አካል ነው፤ የሞተውንም ቅጠል አፍርሶ ወደ አፈር ይመልሰዋል። እርሱ ባይኖር ምድር የሰጠችውን መልሳ ባላገኘች ነበር። እንግዲህ የፈንገስ ወገን አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የሞተውን ይበላል፤ ሁለተኛው ሕያዉን ይበላል። በስንዴ ላይ ዋግ፤ በባቄላ ላይ ቆርምድ ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

የቆርምድን ሻጋታ በእውነተኛ ስሙ ለማወቅ ሊቃውንት ደክመዋል። ኩሳኖ የሚባል የጃፓን ሊቅ በ1912 እ.ኤ.አ. የባቄላ ወገን በሆነ ተክል ላይ ያገኘውን ፈንገስ ኦልፒዲየም ብሎ ነበርና፤ የእኛም አገር በሽታ አስቀድሞ በዚሁ ስም ተጠራ። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች አብረው መርምረው፤ ፊዞደርማ የሚባለው ነው እንጂ ኦልፒዲየም አይደለም ብለው ጻፉ። የቀድሞውን ስም ማረም ለሊቅ ነውር አይደለም፤ ጠላቱን በስሙ የማያውቅ ሰው ጠባዩንም ሊያውቅ አይችልምና።

ጠባዩ ይህ ነው። በክረምት ዘሩ ጥቂት ውኃ ካገኘ በጅራቱ እየዋኘ ወደ ለጋው ቅጠል ይገባል፤ ስለዚህ ውኃ የሚተኛበት ማሳ ይመቸዋል። አዝመራው ሲያልፍ የታመመው ቅጠል ይወድቃል፤ ደጉም ሻጋታ እንደ ልማዱ ያበሰብሰዋል። የቆርምድ ዘር ግን ወፍራም ሽፋን ስላለው ከቅጠሉ ጋር አይጠፋም፤ በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቀጥለውን ባቄላ ይጠብቃል። ቅጠሉ በሰበሰ ብሎ በሽታው ሄደ የሚል ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ስለዚህ ቆርምድ በታየበት ማሳ ባቄላን በባቄላ ላይ መዝራት አይገባም፤ ገብስ ወይም ስንዴ ይዘራበት። ከታመመ ማሳ ለዘር የሚሆን ባቄላ አይወሰድ። ውኃ በሚቋጥር ምድር ፈሰስ ይውጣለት። ባይሌቶን የሚባለው መድኃኒት በሽታውን እንደሚቀንስ በምርምር ታይቷል፤ ነገር ግን መድኃኒትን ከግብርና ባለሙያ ምክር ውጪ መርጨት ሰውንም ከብትንም ይጎዳል።

መምህር ሆይ፤ ከዱር የረገፈ እርጥብ ቅጠል በገል አኑረህ ከድነው፤ ውኃም እያርከፈከፍህ ነጩ ክር እስኪወጣ ድረስ ለልጆቹ አሳያቸው። ቀጥሎ የታመመውን የባቄላ ቅጠል ከማሳው ሳታወጣ በቦታው አሳያቸው። ሽማግሌዎችም ማሳው ካለፈው ዓመት ወዲያ ምን ተዘርቶበት እንደ ነበረ ይንገሯቸው። ልጁ የቅጠሉን፤ አባቱ የማሳውን ታሪክ ያወቁ እንደ ሆነ፤ ባቄላው ከመንደሩ አይጠፋም።