ወተትን ለሆድ የሚያስማማ ክር

በሕፃንነቱ በወተት ያደገ ሰው ከጐለመሰ በኋላ አንድ ብርጭቆ ወተት በጠጣ ቍጥር ሆዱ እየተነፋና እየጮኸ ሲያስቸግረው እናያለን። ቤተ ሰቡም አንዳንዱ ወተቱ ተበላሽቶ ነው፤ አንዳንዱም ልማድ አጥቶ ነው ይላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር የሚከፍለው ላክቴዝ የሚባለው ኤንዛይም በሕፃን አንጀት ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በብዙ ሰው ዘንድ ግን ዕድሜ ሲጨምር እያነሰ ይሄዳል። ያልተከፈለውም ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ በዚያ ባሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ይብላላል። እርጎ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሻለው ወተቱ ሲረጋ ከስኳሩ ከፊሉ አስቀድሞ ስለሚያልቅ ነው።

ኤንዛይሙን ከወተቱ ጨምሮ ስኳሩን አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። ዳሩ ግን ኤንዛይም ሌላውን ሲለውጥ ራሱ ሳያልቅ ከወተቱ ጋራ ተቀላቅሎ ይሄዳል፤ ይህም ጐበዝ ሠራተኛን አንድ ቀን አሠርቶ እንደ ማሰናበት ያለ ኪሣራ ነው።

በ1916 እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በአሜሪካ አንድ ኤንዛይም በከሰል ላይ ተጣብቆ ሳለ ሥራውን እንዳልተወ ተመለከቱ። ይህ ነገር ለምግብ ሥራ የዋለው ግን ዘግይቶ ነው። በ1970ዎቹ በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ስናምፕሮጌቲ የተባለው ኩባንያ ባወጣው ብልሃት፣ ላክቴዙ ከሴሉሎዝ በተሠራ ክር ውስጥ ተይዞ በከተማው የወተት ማዘጋጃ ሥራ ጀመረ። ክሩ ሲፈተል ኤንዛይሙ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይታሰራል፤ ስኳሩ ግን እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ገብቶ፣ ተከፍሎ ይወጣል። ወተቱ በብርቱ ሙቀት ከጠራ በኋላ ይቀዘቅዝና ከክሩ ጋራ ይቈያል፤ ከዚያም ወተቱ ይቀዳል፤ ክሩ ለሚቀጥለው ወተት ይቀራል።

የዚህ ክር ጕድለት ውፍረቱ ነው። በመካከሉ ያለው ኤንዛይም ስኳሩ እስኪደርስለት ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቈያል። ስለዚህ የዛሬ ሊቃውንት ከጠጕር በመቶዎች እጅ የቀጠነ ክር ይፈትላሉ፤ ናኖ ክር ይሉታል። መፍተያው እንዝርት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ የቀለጠውን ፈሳሽ ከመርፌ አፍ ስቦ ያቀጥነዋል። ፎርምሃልስ የተባለ ሰው በ1934 በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ ብልሃት የባለቤትነት ፈቃድ አግኝቷል። በአንድ ዐይነት ክብደት ክሩ ዐሥር እጅ ቢቀጥን የላይ ገጹ ዐሥር እጅ ይሰፋል፤ ኤንዛይሙም በገጹ ላይ ስለሚያያዝ ወተቱን ወዲያው ያገኘዋል።

ነገር ግን ማያያዙ ቀላል አይደለም። እንዲያው ቢያስጠጉት ወተቱ አጥቦ ይወስደዋል። በኬሚካል አጥብቀው ቢያስሩት ደግሞ ማሰሪያው ስኳሩን በሚይዝበት ስፍራ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ እጁን የታሰረ ሠራተኛ ምን ይሠራል? ከማሰሪያዎቹም አንዱ ግሉታራልዴሂድ የተባለው ራሱ ጐጂ ስለ ሆነ፣ ክሩ ምግብ ከመንካቱ በፊት ትርፉ ተጠንቅቆ መታጠብ አለበት። ከዚህም በላይ የወተቱ ስብና ፕሮቲን በቀጭኑ ክር ላይ እየተለጠፈ ይደፍነዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ፈተና ከመፍተሉ ይልቅ ማጠቡ ነው።

ዛሬ በብዙ የወተት ፋብሪካዎች አሁንም ኤንዛይሙን በወተቱ ውስጥ ጨምረው ይተዉታል። እንዲህ ያለውን ወተት የቀመሰች የቤት እመቤት ስኳር ተጨምሮበታል ብላ ትጠረጥር ይሆናል፤ የተጨመረ ግን የለም፤ የተከፈለው ስኳር ካልተከፈለው ይልቅ ስለሚጣፍጥ ነው።