ክሪክ ያነሣል እንጂ ተሸክሞ አይቆምም



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጋራዥ ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን መኪና ያለው ወይም በመሥሪያ ቤት መኪና የሚጓዝ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ወይ ራሱ ከመኪና ሥር ይገባል፣ ወይም ሌላው ሲገባ ቆሞ ያያል። እሑድ ጧት ከቅዳሴ ሲመለስ የሞተሩ ዘይት በግቢው ድንጋይ ላይ መንጠባጠቡን አይቶ፣ «እስኪ ከየት እንደሚወርድ ልመልከት» በማለት ኮቱን አውልቆ፣ ጆንያ አንጥፎ በጀርባው ወደ ውስጥ የሚንሸራተተው ሰው መካኒክ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ በቢሮው ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ እርስዎንም የሚነካ መሆኑን ተረድተው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ክብደት እንናገር። አንዲት ትንሽ የቤት አውቶሞቢል 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ይኸውም 10 ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ወደ ገጠር ለሥራ የሚላኩት ትልልቅ የመስክ መኪናዎች ደግሞ 20 ኩንታልና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። 10 ኩንታል ጤፍ በአንድ አጭር ብረት ጫፍ ላይ ተቈልሎ ብናይ፣ ከሥሩ ገብቶ የሚተኛ ሰው በመካከላችን አይገኝም። መኪና ሲሆን ግን በየቀኑ የምንሳፈርበት፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ በጣት ጫፍ የሚታዘዝ ነገር በመሆኑ ክብደቱን እንዘነጋዋለን። ደግሞም ሰውን ለመግደል ሙሉው ክብደት ማረፍ አያስፈልገውም። የአንዱ ማዕዘን ጭነት ብቻ፣ ማለት ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ፣ ደረትን ተጭኖ ትንፋሽን ለመከልከል ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ይህን ክብደት የሚያነሣው ክሪክ እንዴት ያለ መሣሪያ ነው? በከተማችን በብዛት የሚታየው ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣው፣ በጠመዝማዛ ብረት እየተሽከረከረ እንደ መቀስ የሚከፈተው ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ የሚመስለው ወይም በትንንሽ ጎማዎች የሚገፋው የዘይት ክሪክ ነው። የዘይቱ ክሪክ የሚሠራው በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ባስረዳው ሕግ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት በየአቅጣጫው እኩል ይተላለፋል። ስለዚህ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ትንሽ ዘንግ ላይ የ50 ኪሎ ኀይል ብናሳርፍ፣ 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልቁ ዘንግ 1,000 ኪሎ ያነሣልናል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ ፈልስፎ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1795 ነበር። አንድ ሰው በአንድ እጁ መኪና ማንሣቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ነገር ግን መኪናው ከተነሣ በኋላ የቆመው በምን ላይ እንደ ሆነ ልብ ይበሉ። የቆመው በጥቂት ዘይት ላይ ነው፤ ዘይቱም እንዳይወጣ የሚያግዱት ጥቂት የጎማ ቀለበቶችና አንዲት መልቀቂያ ብሎን ናቸው። ቀለበቱ አርጅቶ ቢሰነጠቅ፣ ብሎኗ በደንብ ሳትጠብቅ ብትቀር፣ ወይም ከሥር የተኛው ሰው ራሱ በእግሩ ቢነካት፣ ዘይቱ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ መኪናውም አብሮት ይወርዳል። የጠመዝማዛው ክሪክ ዘይት ስለሌለው አያፈስም፤ ይሁን እንጂ መቆሚያው ከሰው መዳፍ ብዙም የማይሰፋ በመሆኑ ጥቂት ካዘነበለ ይገለበጣል። ከመኪናው ጋር የሚሰጠውን መጽሐፍ ገልጠው ያነበቡ እንደ ሆነ፣ ይህ ክሪክ ጎማ ለመለወጥ ብቻ የተሠራ መሆኑንና በእርሱ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ የሚያስጠነቅቅ ቃል ያገኛሉ። መጽሐፉን ግን መኪናው እስኪሸጥ ድረስ የሚገልጠው የለም።

ደግሞም ክሪኩ ራሱ ምንም ሳይጎድለው መኪናው ሊወድቅ ይችላል። መኪናው አራት ጣት ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢንሸራተት ክሪኩ ይዘምማል፤ የዘመመም ክሪክ ሸክሙን አይመልስም። ብዙ ሰው «የእጅ ፍሬን ከሳብሁ መኪናው ወዴት ይሄዳል?» ይላል። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚይዘው የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ነው። እርስዎ የመኪናውን ኋላ አንሥተው ሁለቱ ጎማዎች ከመሬት ከተላቀቁ፣ ፍሬኑ የያዘው በአየር ላይ የተንጠለጠሉትን ነው፤ መሬት የረገጡትን የፊት ጎማዎች ግን የያዛቸው የለም። ማርሽ ማስገባትም ሁልጊዜ አያድንም። ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን በሚያዞርበት መኪና ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲነሣ፣ በመካከላቸው ያለው ዲፈረንሻል የተነሣው ጎማ በአንድ በኩል ሲዞር መሬት ያለው በተቃራኒው እንዲዞር ይፈቅድለታልና፣ ማርሹ ገብቶም መኪናው ሊንሸራተት ይችላል።

አዲስ አበባ ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ ወደ ደቡብ የምትወርድ ተዳፋት ከተማ ናት። ለዐይን ሜዳ የሚመስለው መንገድ እንኳ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቢያፈሱበት ወዴት እንደሚወርድ ወዲያው ያሳያል። የመሬቱም ዐይነት ነገር ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ በክረምት ግን ክሪኩን እስከ አንገቱ ይውጠዋል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። አንድ ክረምት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ፣ ሸኖ ሳንደርስ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከማሰሪያው ተፈትቶ መሬት ይጎትት ጀመር። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ በክሪክ አነሣውና ሽቦ ይዞ ከሥር ገባ። ዝናብ ይዘንብ ስለ ነበር ከእኛ መካከል የወረደ አልነበረም። «ቶሎ ይጨርስልን ይሆን?» እየተባባልን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። እኔም ከኋላ የነበረውን ካፖርቴን ለማንሣት ዞር ስል መኪናው ተንጓጓና በአንድ በኩል ቁልቁል ወረደ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰጥሞ ኖሯል። ሾፌሩን ያዳነው ጎማው ያልወለቀ መሆኑ ብቻ ነው፤ ጎማው መሬት ሲይዝ ከሰውዬው ደረት በላይ አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶ ነበር። እየተሳበ ወጥቶ ጭቃውን እያራገፈ «ምንም አይደል ጌታዬ» አለኝ። ውረዱልኝ ብሎ ለመናገር ያላስደፈረው የእኛ ማዕርግ እንደ ነበር የገባኝ ወደ ማደሪያችን ከደረስን በኋላ ነው።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት መኪና የሚሄዱ አንባብያን ሁሉ ይህን አንድ ነገር ከእኔ ይቀበሉ። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሳይለመኑ ይውረዱ። በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ክብደት መጨመሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሲንቀሳቀስ መኪናውን ያወዛውዘዋል። በር መክፈትና መዝጋትም እንደዚሁ ነው። በቤትም ልጆች «መጫወቻዬን ረስቻለሁ» ብለው እንዳይገቡ፣ የክሪኩንም እጀታ እንዳይነኩ አንድ ትልቅ ሰው ውጭ ቆሞ ሊጠብቅ ይገባል። ብቻውን ባለ ግቢ ከመኪና ሥር የገባ ሰው አደጋ ቢደርስበት ድምፁን የሚሰማው የለም።

እንግዲህ በትክክል እንዴት ይሠራል? ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማርሽም ይግባ፤ ማርሹ በራሱ የሚቀያየር ከሆነ «ፒ» በሚለው ላይ ይቁም። ቀጥሎም መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው፤ ሾፌሮቻችን ይህን ከማንም በፊት ያውቃሉ። መሬቱ ለስላሳ እንደ ሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ። ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ በመኪናው መጽሐፍ ተለይቶ ተመልክቷል፤ በቀጭን ቆርቆሮ ላይ ካረፈ ቆርቆሮው ይታጠፋል።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። መኪናው ሲነሣ በክሪኩ ላይ አይተውም፤ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ በጠንካራው የአካሉ ክፍል ሥር ገብቶለት፣ መኪናው በቀስታ ወርዶ በዚያ ላይ ያርፋል። ይህ መደገፊያ በወፍራም ብረት ወይም በጥርስ የሚቆለፍ ስለ ሆነ ዘይት የለውም፤ የሚፈስም የሚላላም የለውም፤ መቆሚያውም ሰፊ ነው። ስንት ቶን እንደሚሸከም ተጽፎበታልና ያንን አይተው ጥንድ ጥንዱን ይግዙ። በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ቢጠይቁ ያገኙታል። ክሪኩንም አያርቁት፤ ጥቂት ነክቶ እንዲቆም ቢደረግ ሁለተኛ ጠባቂ ይሆናል። ጎማው ወልቆ እንደ ሆነ ያንኑ ጎማ፣ አለዚያም ስኮርታውን፣ ከመኪናው ጎን ሥር ማስተኛት ብልኅነት ነው። ወደ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ጎኑን በሁለት እጅዎ ገፋ ገፋ አድርገው ይሞክሩት። የሚወድቅ ከሆነ እርስዎ ውጭ ሳሉ ይውደቅ። የዛገ ብሎን በረጅም ቁልፍ ሲጎትቱ ከዚህ የበለጠ ይነቀነቃልና።

በመደገፊያ ፈንታ ብሎኬት የሚያስገባ ሰው እጅግ ብዙ ነው። ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ውስጡ ክፍት ብሎኬት ግን ሸክሙ በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል፤ እንጨት ሲሰበር ይጮኻል፣ ብረት ሲታጠፍ ይታያል፣ ብሎኬት ግን ደኅና መስሎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ነው የሚጠፋው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደርም እንዲሁ የሚያንሸራትት ነው። ሌላ ነገር ከሌለ በአራት ማዕዘን የተጠረበ ወፍራም እንጨት ተመሳቅሎ ቢደረደር ይሻላል፤ ድቡልቡል የባሕር ዛፍ ግንድ ግን ይንከባለላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በከተማችን በርክተዋል። በብዙዎቹ ባትሪው ከወለሉ በታች የተዘረጋ ሲሆን፣ እርሱ ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ክሪክ በባትሪው ላይ ካረፈ ባትሪው ሊቀደድና እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፣ ማንሻ ቦታውን ሳያረጋግጡ አይንኩት። ብርቱካን ቀለም ያላቸውን ወፍራም ሽቦዎችም ለባለሙያ ይተዉ። በነዳጅ በሚሠራው መኪና ሥር ደግሞ ሞተሩ እየሠራ አይተኙ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው መርዝ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ወይም ሳይደረግ ቀርቶ መኪናው በሰው ላይ ቢወድቅስ? በዚያን ጊዜ ሰዎች ተሯሩጠው የተጫነውን ሰው በእግሩ መጎተት ይጀምራሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሰውዬው የሚሞተው መተንፈስ ባለመቻሉ ነውና በመጀመሪያ መነሣት ያለበት መኪናው ነው። ሌላ ክሪክ ቢገኝ በዚያ፣ ባይገኝ ብዙ ሰው በአንድ ወገን ተባብሮ ያንሣው፤ እንደ ተነሣም ሌላ ሰው ጎማ ወይም እንጨት በፍጥነት ከሥር ያግባ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሰውዬው ይውጣ። ትንፋሽ ከተቋረጠ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ አንጎል መጎዳት ይጀምራል፤ ስለዚህ አንሺዎቹ ሲያነሡ አንድ ሰው ተለይቶ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ፣ በ939 ደግሞ የአዲስ አበባን እሳትና አደጋ ሠራተኞች ይጥራ። የተረፈው ሰው ቆሞ ቢሄድ እንኳ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የውስጥ ጉዳት ወዲያው አይታይምና።

ሥራው በደኅና ሲያልቅ ከሥር ሰውም ዕቃም አለመቅረቱን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ መኪናውን በክሪክ ጥቂት ከፍ አድርገው መደገፊያዎቹን ያውጡ፤ ከዚያም በቀስታ ያውርዱት። ሥራው የተሠራው በአውራ ጎዳና ላይ ከሆነ ታኮ ያደረጓቸውን ድንጋዮች እዚያው ትተው እንዳይሄዱ። ማታ በዚያ የሚያልፍ ሌላ ሾፌር አያያቸውም፤ አንሥቶ ከአስፋልቱ ማዶ ወደ ቦዩ መጣል ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።