ፍሪጁ ውስጥ ቦታ አለ

ከሞጆ ወደ አዳማ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሕብለ ሰረሰሬ ከተጎዳ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ዊልቸሬ ስዘዋወር አጥንቴ ከጉልበቴ በላይ ቀጭ አለ። ሕመሙ የት ይሰማኝና! እብጠቱን ያየችው እህቴ ናት።

አጥንት ሸክም ካልተጫነው ይሳሳል፤ ጠፈርተኞችም ይህ ይደርስባቸዋል። የሚለቀው ካልሲየም በሽንት ሲወጣ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ሐኪሙ ቴሪፓራታይድ ስለሚባል የአጥንት መድኃኒት አጫወተኝ፤ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ቁራጭ ነው፣ በየቀኑ 20 ማይክሮግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል። የሚገርመኝ፣ ሆርሞኑ ሳያቋርጥ ከበዛ አጥንት ይበላል፤ በቀን አንዴ ብቅ ሲል ይገነባል። እንደኔ ባሉት ላይ ሲሞከር ግን የወገብን አጥንት እንጂ ዳሌን እምብዛም አላጠነከረም።

መድኃኒቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በአዳማ ሙቀት፣ መብራት ሲጠፋስ? እህቴ ፍሪጁን ከፍታ ድልሁን ገፋ አደረገችና «ቦታ አለ» አለች።