ቅላት ፈልጎ ቅላት ማግኘት፦ የፊት ደም ሥሮችና ሕክምናቸው በካርቱም

አማርኛ «ቀይ» በሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ የበርበሬውን መልክም፣ ፈካ ያለ የሰው ፊትንም። በካርቱም ገበያ «ኸልጣ» እየተባለ የሚሸጠውን ቅይጥ ማቅያ ክሬም ለወራት የተቀባች ሴት ሁለተኛውን ቅላት ፈልጋ አንደኛውን ልታገኝ ትችላለች። በአፍንጫዋ ዳርና በጉንጮቿ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፤ ወዲያው የሚመጣባት ጥያቄም «በሌዘር ይጠፋልኝ ይሆን?» የሚል ነው። አብዛኛው ሊጠፋ ይችላል። ጥያቄው ግን ሁለት ደረጃ ዘሎ የመጣ ነው። የሌዘር ተራ የሚደርሰው ክሬሙ ከቆመ፣ የቆዳዋም ቀለም ከተመዘነ በኋላ ነው። ይህ ለሱዳናውያት ብቻ የሚባል አይደለም። በካርቱም ዴይም ሰፈር ለኖሩ ሐበሾችም ገበያው ያው፣ ቆዳውም ተቀራራቢ ነው።

በኸልጣው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ ስቴሮይዶች፣ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ናቸው። የመቀየጡ ሐሳብ በራሱ የገበያ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1975 ከባልደረባው ጋር ለማድያት ያቀረበው ቀመር ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ዴክሳሜታሶን የተቀላቀሉበት ነበር፤ የዚህ ዓይነት ቅይጥ ዛሬም በሐኪም ቁጥጥር ለተወሰኑ ሳምንታት ይታዘዛል። ገበያው ቀመሩን ወስዶ ቀን መቁጠሪያውን ጣለው። በዚያ ላይ ስቴሮይዱን እጅግ በበረታው ለወጠው፦ ክሎቤታሶል ከ2 ሳምንት በላይ በተከታታይ እንዳይቀባ፣ ፊት ላይም እንዳይደረግ መድኃኒቱ ራሱ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ያስጠነቅቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስቴሮይድ በመጀመሪያ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ፊት የጠራ የሚመስለውም በከፊል ለዚህ ነው። እየቆየ ግን ቆዳን ደግፎ የሚይዘውን ኮላጅን ያመነምናል። ደጋፊ ያጣው ሥር ይሰፋል፣ የሳሳው ቆዳም አይሸፍነውም። የዴክሳሜታሶን ኪኒን ለመወፈርና ለመቅላት ብለው የሚውጡ ሴቶችም አሉ፤ እሱ ግን ከፊት አልፎ መላ ሰውነትን የሚያውክ ሌላ ጣጣ ነው።

«ይህ የነጮች ችግር ነው፣ በጠይም ፊት ላይ አይወጣም» የሚል ክርክር ይሰማል። በጠይም ፊት ላይ የደም ሥሩ ሜላኒን ከሚባለው የቆዳ ቀለም በስተጀርባ ስለሚደበቅ ለማየት ያስቸግራል እንጂ አይቀርም። የሚያሳዝነው፣ ክሬሙ ሁለቱንም አብሮ መሥራቱ ነው፤ መጋረጃውን ይገፋል፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለውንም ያሰፋል። በእርግጥ ሁሉም በክሬም ብቻ የመጣ አይደለም። ፀሐይ፣ ዕድሜ፣ ዘርና ሮዜሺያ የሚባለው የፊት መቅላት ሕመም ድርሻ አላቸው፤ ሙቀት ደግሞ ሮዜሺያን ይቀሰቅሳል። የካርቱም ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከከሰል ምድጃ ጋር ተፋጥጣ ሻይና ቡና የምትሸጥ ሴት ሁለት ፀሐይ አለባት ማለት ይቻላል። መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ ኖሮት እንደ ሸረሪት እግሮቹን በዙሪያው የሚዘረጋው የደም ሥር ደግሞ ለብቻው ይታያል። መሃሉን ሲጫኑት ይጠፋል፣ ሲለቁት ከመሃል ወደ ዳር ይሞላል። አንድ ሁለቱ በእርግዝና ወይም ያለምክንያት ሊወጡ ይችላሉ። በፊት፣ በአንገትና በደረት ላይ ከበዙ ግን ጉበት መመርመር አለበት፤ ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋበት አገር ይህን በውበት ጉዳይ ብቻ ማለፍ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በጽሑፍ አስረዱት፦ ደም የሚመርጠውን የብርሃን ቀለም በአጭር ቅጽበት ከላኩበት፣ ሥሩ በሙቀት ይረጋል፣ ዙሪያው ግን ይተርፋል፤ የረጋውንም ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ያስወግደዋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው የዳይ ሌዘር በ585 ወይም በ595 ናኖሜትር ይሠራል፤ 532 ናኖሜትር የሚልከውም ለቀጫጭኖቹ ሥሮች ጥሩ ነው። ችግሩ ሜላኒንም ይህንኑ ብርሃን መውደዱ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ብርሃኑ ደም ዘንድ ሳይደርስ ቆዳው ላይ ይቀራል፤ ያቃጥላል፣ ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት ይተዋል። በብዙ ቦታ ለፀጉር ማንሻ የሚያገለግለው አይ ፒ ኤል የተባለው የብርሃን መሣሪያም በተለይ በዚህ ይታማል። ስለዚህ ለጥቁርና ለጠይም ፊት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ ሌዘር ነው፤ 1064 ናኖሜትሩን ሜላኒን ብዙም አይቀበለውም። ይህ ማለት ግን ስሕተት ይምራል ማለት አይደለም። ደምም ይህን ብርሃን በጥቂቱ ስለሚቀበለው ኃይሉ መጨመር አለበት፤ ከልክ ካለፈ ደግሞ ጥልቅ ጠባሳ ያመጣል። ቆዳን ማቀዝቀዝ፣ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ መሞከር፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ደጋግሞ መመለስ የግድ ነው። በኤሌክትሪክ መርፌ መተኮስ ርካሽ ቢሆንም ጥቂት ሥሮች ላይ ካልሆነ ጠባሳው ያሰጋል። እግር ላይ የሚሠራበት፣ መድኃኒት ወደ ሥሩ በመርፌ የመስጠት ሕክምና ደግሞ ለፊት አይመከርም፤ የፊት ደም መልሶች ከዓይን ዙሪያ ጋር ይገናኛሉ። ቅላትን ለሰዓታት የሚያደበዝዙ ቅባቶች አሉ፤ የሰፋውን ሥር ግን አይነኩትም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከተጠቃሚዎቹ ይመጣል፦ «ሳቆመው ፊቴ ይባስ ተቃጠለ፣ ስለዚህ መድኃኒቴ እሱ ነው» ይላሉ። የሚሉት እውነት ነው፤ የሚደርሱበት ድምዳሜ ግን የተሳሳተ ነው። ታፍኖ የቆየው ሥር ክሬሙ ሲቀር በአንዴ ይሰፋል፣ ፊት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ብጉር ይወርሰዋል፤ ይህም ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ እንደ ሁኔታው ደካማ ስቴሮይድ እየቀነሰ ያስቀባል፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም ታክሮሊመስ ያዝዛል። ሽቶ የሌለው ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያም ይጨመራሉ። ፊት ከተረጋጋ በኋላ ቅላቱ በከፊል በራሱ ይቀንሳል፣ የቀሩት ክሮችም ለሌዘር የሚበቁት ያኔ ነው። ክሬሙ ሳይቆም ሌዘር መሠራት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደ መወልወል ነው፤ ቆዳውም ስስ ስለሆነ ቃጠሎው ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት ብዙ የካርቱም ሆስፒታሎችን ከሥራ አውጥቷል፤ የውድ መሣሪያ ሕክምናም ለብዙዎች ርቋል። ክሬሙን ለማቆም ግን ማሽን አያስፈልግም፤ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰች ሴትም እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ተቋቁሞ ዛሬ የቆዳ ሕመምተኞችን በሚያክመው በአለርት ሆስፒታል ልትመረመር ትችላለች። ስትሄድ የምትቀባውን ብልቃጥ ይዛ ብትሄድ፣ ስም ባይኖረውም እንኳ፣ ለሐኪሙ ግማሹን ጥያቄ ይመልስለታል።